እትዬ በረዶና የዋልታው ባሕር ፍጥረቶች

የሰፈሩ ልጆች «እትዬ በረዶ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በሐሩር ወር፣ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ሲል፣ እሷ ወፍራም የሱፍ ኮት በክንዷ አንጠልጥላ ወደ ሥራ ስትሄድ እያዩ ነው። ተቆጥታቸው አታውቅም። «በዚህ ሙቀት የሚያበርድ ስም ያወጣልኝን ምን ብዬ ልቆጣው?» ትላለች።

ሙያዋ ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። ብዙ ዓመት የሥጋ ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የአይስክሬም ቤቱን ፍሪጅ ስትፈታና ስትገጥም ከኖረች በኋላ፣ ወደቡ አጠገብ ያለው የባሕር ምርምር ተቋም ቀጠራት። የተሰጣት አንድ ክፍል ብቻ ነበር። መስኮት የለውም፤ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ግድግዳውን ይዘው የሚሄዱት ቧንቧዎች ጥቁር ስፖንጅ ለብሰዋል። መሐል ላይ ሰፋፊ የፕላስቲክ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ነው እንጂ ቅዝቃዜው በረዶ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም።

የመጀመሪያ ቀን ገንዳው ላይ አጎንብሳ አየች። ከትንሽ ጣት የማይበልጡ፣ ሰውነታቸው እንደ መስተዋት የሚያሳይ፣ ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለባቸው፣ ዓይናቸው ጥቁር ዶቃ የመሰለ ፍጥረቶች እግራቸውን ሳያሳርፉ ይዋኛሉ።

«የዓሣዎቹን ምግብስ አየሁት፤ ዓሣዎቹ የታሉ?» አለች።

የክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ ከታናሽ እህቷ እኩል የምትሆን ዶክተር፣ ሳቋ አመለጣት። «እትዬ፣ የተቀጠርሽው ለእነሱ ነው። ክሪል ይባላሉ። ከምድር ጫፍ፣ ከዋልታው ባሕር በመርከብ ነው የመጡት።»

ማታ ይህን ለቤተሰቧ ስታወራ አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እንዴት ነው ነገሩ? የተማረ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የዓሣ ቁርስ ይጠብቃል?»

አውቶቡስ ነጂው ባሏ ግን «ደመወዙ ካልቀዘቀዘ ምን አገባን» ብሎ ነገሩን በሳቅ ዘጋው።

ዶክተሯን የሚያሳስባት ነገር ነበር። ክሪሎቹ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፣ ግን እንቁላል ጥለው አያውቁም። አንድ ጠዋት ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል እያየች «ጥፋተኛው ይሄ ይመስለኛል» አለች። «እነሱ አገር በጋ ላይ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ክረምት ላይ ደግሞ ብቅ አትልም። እኛ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ብርሃን አብርተንባቸው መቼ ይብሉ፣ መቼ ይታገሡ፣ መቼ ይውለዱ? የዋልታውን ፀሐይ ልትሠሪልኝ ትችያለሽ?»

እትዬ በረዶ ሃያ ዓይነት ፍሪጅ ጠግናለች፤ ፀሐይ ሥሪልኝ ያላት ሰው ግን አልነበረም። ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አሮጌዎቹን አምፖሎች ነቅላ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ያላቸውን ገጠመች፤ በሰዓት የሚታዘዝ ማደብዘዣ አበጀችላቸው። ከዚያ በየቀኑ ከንጋቱም ከምሽቱም ብርሃን ሸረፍ እያደረገች ቀኑን አሳጠረችው። በመጨረሻ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ስትገባ ግንባሯ ላይ ደብዛዛ ቀይ ባትሪ ታስራለች።

ጨለማው በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልቧ ተረበሸ። የሚጨመርላቸው አረንጓዴ የአልጌ ውሃ፣ ደቃቅ የባሕር ተክል የያዘው ምግባቸው፣ አልተነካም ማለት ይቻላል። የገንዳው ወለል ላይ የተጣለ ቆዳ ተከማችቷል። ፍጥረቶቹ ራሳቸው ደግሞ ከሰዋል፤ ኧረ እንዲያውም አጥረዋል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ዶክተሯ ቢሮ ደረሰች።

«ዶክተር፣ አለቁብን። ውሃው ደህና ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው፣ እነሱ ግን እያጠሩ ነው።»

ዶክተሯ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። «አጠሩ? እርግጠኛ ነሽ?» መልስ ሳትጠብቅ ኮቷን እየጎተተች ወረደች። አንዱን በትንሽ መረብ አውጥታ ከማስመሪያ ጋር አስተያየችና እትዬ በረዶን ጥምጥም አለችባት። «ክረምት ገባላቸው እኮ! አምነውሻል፤ የሠራሽውን ጨለማ አምነውታል።»

እዚያው ቆመው አስረዳቻት። የባሕሩ አልጌ የሚያድገው በፀሐይ ነው። ክረምት ላይ ምግቡ ሲጠፋ ክሪሎቹ የሰውነታቸውን እሳት ይቀንሱታል፤ በበጋ ያጠራቀሙትን ስብ ቀስ እያሉ ይጨርሱታል፤ በረዶው ሥር የተለጠፈ አልጌ ካገኙም ይፍቃሉ። ያም ካልበቃ ከገዛ ሥጋቸው ይበላሉ። ቆዳቸውን በለወጡ ቁጥር አዲሱ ከአሮጌው ጠበብ ይላል። ለመውለድ የደረሱት እንኳ ወደ ልጅነት መልክ ይመለሳሉ፤ ብርሃኑ ሲመጣ እንደገና ይጎለምሳሉ።

እራት ላይ እትዬ በረዶ ምግቧን ረስታ በእጇ እያሳየች ተረከች። ባሏ ወገቡን ዳበሰ። «አምና የገዛሁት ሱሪ እምቢ ብሎኛል። እኔንም ጨለማ ክፍል አስገቢኝ።»

አማቷ ግን አልሳቁም። «አንጀታቸውን አስረው ነዋ የሚከርሙት» አሉ። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል፤ ከዚያ በኋላስ ምን ይሆናሉ?» ከዚያች ቀን ወዲህ ምራታቸው ከሥራ ስትመለስ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት ስለ ክሪሎቹ ሆነ።

ብርሃኑን መልሳ ማርዘም ጀመረች። ክሪሎቹም ወደ አልጌው ተመለሱ፤ ሆዳቸው አረንጓዴ ሆኖ በቆዳቸው ውስጥ ይታይ ጀመር። ነገሩ ሁሉ እንደዚህ አምሮ ሳለ አንድ ቀትር ላይ ከምሳ ስትመለስ ኮሪደሩ ጭጭ ብሎ አገኘችው። የማቀዝቀዣው ሞተር ቆሟል። ክዳኑን ስትከፍተው የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዋን መታው። የመጠባበቂያው ሞተር ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ መለዋወጫው ገና መንገድ ላይ ነው።

«ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለች ዶክተሯ፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«በዚህ ሙቀት እስከ ማታ አይደርስም። በሩን ዝጊና ማንም አይግባ፤ መጣሁ።»

ኮቷን እንደለበሰች በዚያ ሐሩር ሮጠች። ከመንገዱ ማዶ የድሮ ደንበኛዋ፣ የአይስክሬም ቤቱ ባለቤት፣ አሉ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ በረዶ ስጡኝ። ደግሞም ነውር ባይሆን ሞተርዎን።»

«የትኛውን ሞተር?»

«የትልቁን ፍሪጅ። ባለፈው ዓመት እኔው ነኝ የገጠምኩልዎት፤ ልኩ ከእኛው ጋር አንድ ነው።»

ሰውዬው ሱቅ ሙሉ አይስክሬማቸውን ዞረው አዩት። «አይስክሬም ቢቀልጥ ነገ ሌላ እሠራለሁ» አሉ። «ያንቺዎቹ ከቀለጡ ግን ነገ የላቸውም። ፍቺው።»

ተቋሙ ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም። ጥበቃው፣ ገንዘብ ያዧ፣ ጽዳት ሠራተኞቹ፣ ተመራማሪዎቹ በደረጃው ላይ ተሰልፈው በረዶ ይቀባበላሉ። ዶክተሯ «ገንዳው ውስጥ እንዳትደፉት፤ ሲቀልጥ ጨዉን ያሳሳዋል» እያለች በረዶውን በላስቲክ ታስርና ታንሳፍፋለች። እትዬ በረዶ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የተቃጠለውን ቆርጣ ታወጣለች፤ የተዋሰችውን ትበይዳለች፤ ጋዝ ትሞላለች። ውጭ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች የሚቀልጠውን አይስክሬም በነፃ እየላሱ ሠርግ ቤት አስመስለውታል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማብሪያውን ጫነችው። ሞተሩ አንዴ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ተረጋግቶ ማጉረምረም ጀመረ። ደረጃው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጥቂት ክሪሎች ሞተዋል፤ የቀሩት እግራቸውን እያርገበገቡ ነው።

ቀኑ በክፍሉ ውስጥ ረዝሞ ሙሉ በጋ ሲሆን የሴቴዎቹ ክሪሎች ደረት አበጠ። አንድ ጠዋት ዶክተሯ ከገንዳው ወለል የተቀዳውን ውሃ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋ አየች። ከዚያ ወንበሩን ለእትዬ በረዶ ለቀቀችላት። ድቡልቡል፣ ጥርት ያሉ እንቁላሎች ነበሩ። እትዬ በረዶ ዓይኗን ካነሳች መልሳ የማታገኛቸው ይመስል ተጣብቃ ቀረች።

«ባሕሩ ውስጥ ቢሆን ወደ ጥልቁ ይሰምጡ ነበር» አለች ዶክተሯ። «እዚያ ይፈለፈሉና ሕፃኖቹ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ብርሃን ይዋኛሉ።»

እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ አማቷ የልጃቸውን ካፖርት ደርበው መጡ። ማይክሮስኮፑን በአንድ ዓይን፣ ከዚያ በሌላው፣ ከዚያ እንደገና በመጀመሪያው አዩ።

«ይሄ ነው ያስቸገረሽ?» አሉ። «ቁንጫ አያክልም እኮ።» ግን ከወንበሩ አልነሳም አሉ፤ ተራ የሚጠብቁት ተመራማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆዩ።

በዚያው ዓመት መርከቡ አዲስ ክሪል ሊያመጣ ወደ ዋልታው ሲዘጋጅ ዶክተሯ የመርከቡን ቀዝቃዛ ገንዳዎች የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገናል አለቻት። እትዬ በረዶ ቤቷ ስትገባ እንዴት ብላ እንደምትጀምር ጨንቋት ነበር። ባሏ አንገቱን እያከከ «ሩቅ ነው» ከማለቱ እናቱ ቀደሙት።

«ሂጂ ልጄ። እሱን እኔም አሳድጌዋለሁ፤ ጥቂት ወር ባበላው አልሞትም።»

ሄደች። የባሕሩ በረዶ ገና ሳይለቅ ነበር የደረሱት። ተመራማሪዎቹ ካሜራ በገመድ አስረው በበረዶው ቀዳዳ ሲያወርዱ፣ እሷ ሞቃቱ ክፍል ውስጥ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ሰማያዊ ብቻ ታየ። ከዚያ ካሜራው ወደ ላይ ዞረ። ከበረዶው ጣሪያ ሥር፣ እንደ መስክ አረንጓዴ በሆነው ሥፍራ፣ ሺህ ምንተሺህ ክሪል ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ ተገልብጦ ይግጣል፤ እግራቸው ይፍቃል፣ ይሰበስባል፣ ወደ አፍ ያደርሳል። ክረምቱን ከስተው፣ አጥረው አልፈውታል፤ አሁን እየበሉ ነው።

«ኑ፣ ኑ፣ ኑ!» ብላ ጮኸች። የመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኛ እሳት የተነሳ መስሎት ጭልፋውን እንደያዘ ሮጦ ገባ። ክንዱን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችውና ከመጀመሪያው ጀምራ ታስረዳው ገባች፤ ሾርባው እስኪያር ድረስም አልለቀቀችውም።