አቀባይዋ ሳጥን

አጎቴ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ሳሙና በምታህል ጥቁር ሳጥን ላይ መዳፉን ያሳርፋል። የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስስ ይመስላል። ሞቃ ካገኛት እየሠራች ነው። ከዚያ ኮቱን ይሰቅላል።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ትኖራለች። ጡረታ የወጣች የቢሮ ጸሐፊ ናት፤ ጆሮዋ ከብዷል፣ ዓይኗም ደክሟል። አንድ ልጇ መርከበኛ ነው። ድሮ አሮጌ ኮምፒውተሯ ላይ ኢሜይል መጻጻፊያ ጭኖላት ነበር፤ ፊደሉ ጉልህ፣ ቁልፎቹን በዳበሳ የምታውቃቸው። መጨረሻ የመጣ ጊዜ ግን ተኳርፈው ተለያዩ። «ባሕር ይሻለኛል ካልክ እናት የለህም» ብላው ነበር።

እሱ በሄደ በወሩ ፕሮግራሙ አልገናኝም አለ። የኢሜይል ድርጅቱ ደንብ ቀይሮ ነው፤ ከእንግዲህ በምስጢር ኮድ ካላናገሩት በር አይከፍትም። አሮጌው ፕሮግራም ደግሞ የይለፍ ቃሉን እንኳ በግላጭ ነው የሚናገረው፣ ኮድ የሚባል አያውቅም።

«በስልክ ላውጣልሽ፣ እትዬ» አላት አጎቴ፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ።

«ስልክ ላይ ማንበብ አልችልም። የልጄን ደብዳቤ ደግሞ አንተ ቆመህ አታነብልኝም። እጄ የለመደውን አስተካክልልኝ።»

ኮምፒውተሩ ተራውን ሊጠብቅ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

«ሐኪሙ፣ ይሄማ ከእርስዎ በፊት ጡረታ መውጣት ነበረበት» አለው አንድ ደንበኛ።

«እሱ ቢያንስ እንዳንተ ስልክ ሽንት ቤት አልወደቀም።»

አክስቴ በበሩ ብቅ ስትል፣ ገና ሳትጠይቀው እጁን ወደ ፊት ይወረውርላታል፤ ነገ ማለቱ ነው። «አንተ ልጅ፣ ነገህ አያልቅም» ትለዋለች። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

በሰባተኛው ወር ሳጥኗን ሠራት። በአንድ ወገን አሮጌውን ፕሮግራም በሚያውቀው ቋንቋ ታነጋግረዋለች፤ የሰማችውን በሌላው ወገን ለድርጅቱ በኮድ ታቀብላለች። አክስቴ ቁልፉን ስትጫን አሥራ አንድ ደብዳቤ ተከታትሎ ገባ። ሁሉም ከልጇ። አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግታ አነበበች። አጎቴና እኔ ከኋላዋ ነበርን፤ ትከሻዋን ብቻ ነበር የምናየው።

በኋላ ራሷ እንደነገረችን፣ የመጀመሪያው «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ይላል። አራተኛው አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ ይላል። የመጨረሻው ከሦስት ሳምንት በፊት የተላከ ነው፦ «ዝምታሽ ገብቶኛል። ይህን አድራሻ እዘጋዋለሁ፤ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

እዚያው መለሰችለት። ደቂቃ ሳይቆይ ደብዳቤዋ ተቀባይ የለም ተብሎ ተመለሰ። የመርከብ ድርጅቱን ጠየቅን፤ ሥራ ለቋል አሉን፣ የት እንደሄደ አያውቁም። እሷ አሁንም በየቀኑ ትጽፋለች። በየቀኑ ይመለስባታል።

«ምናልባት መልሶ ይከፍተው ይሆናል፣ አይደል?» ትለዋለች። አጎቴ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሳጥኗን ይዳስሳል።

ታሪኩን ልጻፈው ስለው ብሎን እያጠበቀ ነበር።

«ጻፊው» አለኝ ቀና ሳይል። «ደብዳቤዎቹንም ጻፊ፣ መደርደሪያውንም ጻፊ። ብቻ ሳጥኗ ስንት ቀን እንደፈጀችብኝ አትጻፊ። እትዬ ሰባት ወር ሙሉ የለፋሁባት ይመስላታል።»

ከምሳ በኋላ ጀምሯት፣ ሳይመሽ ጨርሷት ነበር።