የዋረን ፍልጥ

ግሬም ሦስት ቀን ሙሉ በዝናብ ብስክሌቱን ሲነዳ፣ ጭቃው ሲብስበትም ሲገፋ ሰንብቶ ተራራው ላይ ካለችው ጎጆ ደረሰ። ጣቶቹ ደንዝዘው በሩን የከፈተው በክርኑ ነው።

በዚያ አገር ከጎጆ የሚወጣ መንገደኛ ለሚቀጥለው ደረቅ ፍልጥ ትቶ ይሄዳል። ከምድጃው ጎን ያለው ፍልጥ እንደ ጡብ ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ተደርድሯል። እንዲህ የሚደረድር ዋረን ብቻ ነበር፤ የዕድሜ ልክ የመንገድ ጓደኛው። በመጨረሻ ጉዞው እዚህ አድሮ፣ ወር ሳይሞላው ተቀበረ። ከእሱ ወዲህ ማንም አልመጣም ማለት ነው። ግሬም ክብሪቱን ወደ ኪሱ መልሶ እየተንቀጠቀጠ ተቀመጠ።

ማምሻውን ትሪና የምትባል ብስክሌተኛ በስብሳ ገባች።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? እንጨት እያለ በብርድ ሊሞቱ ነው?»

«እንዳትነኪው!»

«እንዴ! ሊሳለሙት ነው?»

ሊቆጣት ሲል ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰማ። ክብሪቱን አውጥቶ በዋረን ፍልጥ ራሱ እሳቱን አቀጣጠለ።

ትሪና እጇን ዘርግታ እየሞቀች፣ «እንዲህ አሳምሮ የደረደረውን ሰው ዕድሜ ይስጠው!» አለች።

«አሜን» አለ ግሬም፤ ከበሩ ጀርባ የቆመውን መጥረቢያ አንስቶ ወደ ዝናቡ ወጣ።