የአራተኛ ፎቁ ጥበቃ

አፓርታማው የሥዕል ሙዚየም ከሆነ ወዲህ አራተኛ ፎቅን የሚጠብቁት ሽማግሌ የለበሱት ዩኒፎርም ሁለት እሳቸውን ይይዛል። ጓዳ ጎድጓዳው ሁሉ ፈርሶ ፎቁ አንድ አዳራሽ ሆኗል፤ እሳቸው ግን መስኮቱ አጠገብ ሲደርሱ ሁልጊዜ ባዶውን ወለል ዞረው ነው የሚያልፉት። አዲሷን አስጎብኚ ነገሩ ከነከናት።

"አባባ፣ ወለሉ ተሰብሯል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው የኔ ልጅ። ቤታችን ሳለ የሴት ልጄ አልጋ እዚህ ጋ ነበር።"

"ዛሬማ ትልቅ ሰው ሆናለቻ!"

"አላደገችም" አሉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ እየነካኩ።

ወዲያው ጎብኚዎች እየተንጫጩ ገቡ። ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው "ቀስ በሉ፣ ቀስ" አሏቸው። ሰዎቹ ለሥዕሎቹ ክብር መስሏቸው ዝም አሉ።

አስጎብኚዋ ግን ባዶውን ወለል በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ዞራ አለፈች።