ሻኩራውና የጥይት ማሽኑ

መኩሪያ ደህና የሚሠራ ዕቃ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነው። የተበላሸማ ማንም ይጠግናል፤ እሱ ግን ምንም ያልጎደለውን ፈትቶ «ትንሽ ላሻሽለው» ካላለ እንቅልፍ አይወስደውም። ዌስት አዳምስ በሚባለው የፈረንጅ አገር ሰፈር በተከራዩት አሮጌ ቤት የልብስ ማጠቢያው ሲጨምቅ እየዘለለ በሩ ድረስ ይመጣል፤ የውጭው በር ሲደወል የጓዳው መብራት ይጠፋል። ሚስቱ ሣህሊቱ በትዳር ዘመኗ ሁሉ አብዝታ የተናገረችው ቃል «እወድሃለሁ» ሳይሆን «አትንካው!» ነው።

ቀን ቀን ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለ የመኪና ማቆሚያ ይሠራል። ቁልፍ መቀበል፣ መኪና ማቆም፣ መመለስ ነው ሥራው። ችግሩ ደንበኛው መኪናውን ሲረከብ ወንበሩም መስታወቱም ተሻሽሎ ይጠብቀዋል። በዚህ የተነሳ ከአለቃው ጋር ስንቴ እንደተጣላ ሁለቱም ረስተውታል።

የልብ ጓደኛው አድማሱ ታክሲ ነጂ ነው። እሁድ ግን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከበሮ መቺ ነው፤ እሱ ሲመታ ወገባቸውን የሚያማቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ ያሸበሽባሉ። ሁለቱ ሰኞ ሰኞ ከከተማ ወጣ ብለው ተኩስ መለማመጃ ቦታ ወረቀት ላይ የተሳለ ሰውዬ ላይ ሲተኩሱ ይውላሉ። ሰውዬው ምን እንዳደረጋቸው አይታወቅም። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ጥይት ከየሱቁ ድራሹ ሲጠፋ፣ መኩሪያ ከአንድ ጡረተኛ ላይ ጥይት የሚሞላ ማሽን ገዛና ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቸነከረው።

ማሽኑ ባዶ ቀለሆች ዙሪያውን የሚቆሙበት ክብ ሳህን አለው። እጀታው በተጎተተ ቁጥር ሳህኑ አንድ እርምጃ ይዞራል። አንዱ ቦታ ላይ ቀለሁ ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ባሩድ ይገባበታል፣ ቀጥሎ ተወንጫፊው እርሳስ ይገጠምለታል፤ በመጨረሻም ያለቀለት ጥይት ሳጥን ውስጥ ዱብ ይላል። አእምሮ ያለው ሰው እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይሠራበታል።

መኩሪያ ሳምንት ሳይሞላው ፈታታው። እንዲፈጥን ብሎ ሞላውን በጠንካራ ሞላ ቀየረ። ባሩድ ያልገባበትን ቀለህ የሚይዘውን መቆጣጠሪያ ደግሞ «ሥራ ያጓትታል» ብሎ አወለቀና ለሌላ ነገር ቆራረጠው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው።

የዚያን ሰኞ አድማሱ ሲተኩስ ሽጉጡ እንደ ወትሮው አልጮኸም፤ «ጡስ» ብቻ አለ። አድማሱ ስቆ ደግሞ ሊተኩስ ቃታው ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ የቦታው ተቆጣጣሪ እየጮኸ ደረሰበት። ጥይቱ ባሩድ አልነበረውም፤ እርሳሱ በቀለሁ መለኮሻ ብልጭታ ብቻ ተገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ቀርቷል። ሁለተኛው ቢተኮስ ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳ ነበር።

አድማሱ እጆቹን እያገላበጠ አያቸው። «የምበላውም፣ ማርያምን የማመሰግነውም በነዚህ ነው» አለ። «አንተ እኮ ወንድሜ፣ ማሽን አይደለም የምትነካካው፤ ሰው ነው።»

ከዚያ ወዲያ የመኩሪያን ስልክ ማንሳት ተወ። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙም «እንደምን ሰነበትክ» ብሎ እንደ ባዳ ያልፈዋል። መኩሪያን ሆድ ባሰው። ሌላ ጓደኛ አልነበረውም፤ የቀሩትን ዕቃቸውን እያሻሻለ አንድ በአንድ አጥቷቸዋል። ሣህሊቱ በበኩሏ «ወይ ማሽኑ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ማሰቡ ደግሞ ሌላ ጠብ ወለደ።

ተቀምጦ አዲስ መቆጣጠሪያ ሠራ። ቀጭን ዘንግ እያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ ትገባለች፤ ባሩድ ካገኘች ተመልሳ ደወል ትመታለች፣ ካላገኘች ወደ ታች ትሰምጥና ደወሉ ዝም ይላል። ለድመት አንገት የሚሸጥ ደወል ገዝቶ ሰቀለ። የማሽኑ ኳኳታ ዋጠው።

በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ የዕጣን ማጠኛ፣ ጽናው፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሣህሊቱ «እጁ ለአንዴ እንኳ ለጽድቅ ይዋል» ብላ ለቄሱ ነገረቻቸው። እሳቸውም በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡትና «ከሰንሰለቱ ሌላ እንዳትነካ፣ ልጄ» አሉት። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

ሰንሰለቱን አሳምሮ ጠገነው። ጽናውን ሲያነሳው ግን ሰንሰለቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ቃጭሎች፣ ሻኩራዎቹ፣ ተንሿሹ። የሕዝብ ዜማ ሰንጥቆ የሚሰማ ድምፅ! «ማርያም ሻኩራ መች አነሳት? አድማሱስ የማን ከበሮ መቺ ሆነና!» ብሎ ለራሱ ፈረደ። አንዱን ሻኩራ ፈትቶ ከማሽኑ ጀርባ ሰቀለ፤ በምትኩ የድመቱን ደወል ጽናው ላይ አስሮ ለቄሱ መለሰላቸው።

መኩሪያ ስንት አማላጅ ከላከበት በኋላ አድማሱ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከማሽኑ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ።

«ደወል አደረግክበት አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ኦኬ፣ አሳየኝ።»

መኩሪያ እጀታውን ጎተተ። ቅጭል። ጎተተ። ቅጭል። ደስ አለውና ወሬ ጀመረ። ስለ ሞላው፣ ስለ ዘንጓ፣ ሚራክል ማይል ሰፈር ስለሚሠራ አንድ ጠበቃና ስለ መኪናው ወንበር። አድማሱ ሳይወድ በግድ ሳቀ። መኩሪያ ሳቁን ሲሰማ የባሰ ጋለ፤ አንደበቱና እጁ እሽቅድምድም ያዙ።

«መኩሪያ!» አለች ሣህሊቱ ከወጥ ቤት። «ስቶፕ አድርግ! አልደወለም!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። እርሳስ ሊገጠምለት የደረሰውን ቀለህ አውጥቶ ገለበጠው። ምንም አልፈሰሰም።

አድማሱ ባዶውን ቀለህ ተቀብሎ ውስጡን አየ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረ። «እትዬ ሣህሊቱ፣ አንቺ የምትሰሚ ከሆነ እኔ ሰኞ እሄዳለሁ» አላት፣ እትዬዋን ለቀልድ ጨምሮ።

«እኔ ምን እሰማለሁ! አደነቆራችሁኝ እንጂ» አለች። ቆይታም «ይሄን ደወል ግን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» ስትል መኩሪያን ላብ አጠመቀው።

እሁድ ቄሱ ጽናውን ይዘው ሕዝቡን ሊያጥኑ ዞሩ። ሻኩራዎቹ ሲንሿሹ በመሐላቸው «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል የድመት ደወል ድምፅ አለ። ቄሱ ጽናውን ጠጋ አድርገው አይተው ግራ እንደተጋቡ አለፉ። መኩሪያ ዐይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ። ቀና ሲል ሣህሊቱ ከሴቶቹ ወገን ታየዋለች፤ ገብቷታል። የምታሳየውን ፊት ያውቀዋል፤ የልብስ ማጠቢያው መጀመሪያ የዘለለ ዕለት አይቶታል።

በዚህ መሐል አድማሱ ከበሮውን አንግቶ ወጣ። በሁለት እጁ፣ በሙሉ ጣቶቹ መምታት ጀመረ። ሣህሊቱ ፊቷን ከባሏ አንስታ ወደዚያ መለሰች፤ መዝሙሩ እስኪያልቅም እጆቹን ስታይ ቆየች።

ከቅዳሴ በኋላ መኩሪያ ጫማውን እያሰረ ሳትጠይቀው ተናዘዘ። «ዛሬውኑ አውልቄ እመልሰዋለሁ። በማርያም!»

«በማርያም አትማል፤ ዕቃዋ አንተ ዘንድ ነው» አለችው። «እኔው ራሴ ለአባ ነግሬ፣ ሌላ ሻኩራ አስመጣላቸዋለሁ።» ነጠላዋን አስተካክላ ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር አለች።

«የሰቀልከውን ግን እንዳትነካው።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልነካውም።