ውሃ ጠጪ ያለችኝን ሴት ስጠረጥር

መጀመሪያ ያቃጠለኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሽንት ቤት ተቀምጬ ነው። ጥቂት ጠብታ ወረደች። ጠብታዋ ግን ሚጥሚጣ ውስጥ ያደረች ይመስል እስከ አንገቴ ድረስ ለበለበችኝ። ተነሥቼ ቀሚሴን ሳላስተካክል እንደገና መጣብኝ። ተመልሼ ብቀመጥ ምንም የለም። በዚያ ቀን ከቤት ሽንት ቤት የተመላለስኩትን መንገድ ቢዘረጉት ከነቀምቴ ተነሥቼ ጊዳ አያና ደርሼ፣ ዘመድ ጠይቄ እመለስ ነበር።

ብርቄ እባላለሁ፤ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ባሌ ቶሌራ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ መኪና ይጠግናል። እኔ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ተራ ሻርፕና የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ይህን የምጽፈው ያው ማቃጠል በዓመት ሦስቴ አራቴ ለሚመላለስባችሁ ነው። የሚያስቅ ካገኛችሁ ሳቁ፤ ሐኪም የነገረችኝን ግን እንደ ቀልድ አትለፉት።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩ። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ነው ተባልኩና ክኒን ተሰጠኝ። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ። በሦስተኛው አቆምኩት፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅኩ። ከወር በኋላ ተመለሰ። የደበቅኩትን ዋጥኩ፤ ተሻለኝ። ደግሞ ተመለሰ።

ይሄኔ መጠርጠር ጀመርኩ። እኔ ስጠረጥር በትንሹ አይደለም፤ እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ጥላሽ ቢከተልሽ ማን ላከህ ትይዋለሽ" ትለኝ ነበር። ላቦራቶሪውን ጠረጠርኩ፤ የእኔን ሽንት ከሌላ ሰው ጋር ሳይቀያይሩት አልቀሩም። ክኒኑን ጠረጠርኩ። አንዲት ጎረቤቴ "ይኼ ነገር ከወንድ ነው የሚመጣው" ስትለኝ ደግሞ ቶሌራን ጠረጠርኩ። ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን ማሽተት ያዝኩ።

"ምንድን ነው የምታሸችው?" አለኝ አንድ ቀን።

"ግሪስ ነው።"

"ታዲያ የመካኒክ ሸሚዝ ምን እንዲሸት ፈልገሽ ነበር?"

ለአንድ ሳምንት ግሪሱንም ጠረጠርኩት።

ከዚያ ወደ ተፈጥሮ ዞርኩ። በየጠዋቱ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዴ አኘክሁ። ማቃጠሉ ንቅንቅ አላለም፤ ደንበኞቼ ግን ዋጋ የሚከራከሩኝ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሆነ። በሎሚና በጨው ታጠቢ ያለችኝን አንዲት ደንበኛዬን ሰምቼ ታጠብኩ። ሦስት ቀን እንደ ዳክዬ ነው የተራመድኩት። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ እንፋሎቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉንፋን ቢኖርብኝ ኖሮ በየት በኩል እንደሚወጣ እንጃ።

ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው ጫልቱ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠናል። ፊቴን አይታ ገባት።

"ብርቄ ኮ፣ ማሎ፣ ውሃ ጠጪ" አለችኝ፤ እንደ ነቀምቴ ሰው በኦሮምኛ "የኔ ብርቄ፣ እባክሽ" ማለቷ ነው። "የገብስ ውሃ አፍልቼ አመጣልሻለሁ። እናቴ ለዚህ የምትሰጠን እሱን ነበር።"

"ጠጥቼስ?"

"ጠጥተሽማ ትሸኛለሽ!"

"ጨርቄንስ?"

"እኔ አለሁ አይደል?"

"አለሽ እንጂ። የሚያሳስበኝም እሱ ነው።"

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። የተራችንን ሕግ ላስረዳችሁ። ሽንት ቤቱ ከእህል ተራ ወዲያ ነው። ገዢ ባዶ መቀመጫ ካየ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ ተሻግሮ የገዛ ደግሞ በሚቀጥለው ገበያ ቀንም ወደዚያው ነው የሚሄደው። ስለዚህ የጨርቅ ተራ ሴት በገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ በአፏ አይዞርም። እንዲያውም እንፎካከርበታለን፤ ማን ሳትነሣ ዋለች ይባላል። አሸናፊዋ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። የእኔን ፊኛ የውሃ ልማት ቢያገኘው ለከተማው ማጠራቀሚያ ያደርገው ነበር።

ታዲያ ጫልቱ ውሃ ጠጪ ስትለኝ ምን ልበል? "ገባኝ" አልኩ በልቤ። "ታጠጣኛለች፣ እነሣለሁ፣ ደንበኞቼን ትጠቀልላለች።" የገብሱን ውሃ በፔርሙስ ይዛልኝ መጣች። ዞር ስትል ደፋሁት።

በዚያው ሰሞን ከጉቴ ከተማ በኩል የመጣች አንዲት ሴትዮ በተራችን ስታልፍ፣ ቡናማ ዱቄት በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ። "የሰባት ሥር ነው። ንጹሕ የተፈጥሮ" አለችኝ። ሰባቱን ሥሮች ግን አንዱንም አልጠራችልኝም። እኔ፣ ባሌን ያሸተትኩት ሴት፣ ይህችን አልጠረጠርኳትም። ለምን? ጨርቅ አትሸጥማ።

ዱቄቱ ሠራ። በሁለተኛው ቀን ማቃጠሉ ጠፋ። ለተራው ሁሉ አወጅኩ። ሲያቃጥለኝ አንድ ቁንጥር፣ ሲተወኝ እተዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን እኔና ዱቄቱ ክረምቱን አለፍን። ቁንጥሯ ግን ሁለት ሆነች፤ ከዚያ ሦስት። ከዚያ ሥራዋን አቆመች።

የገበያ ቀን ነበር። ፀሐይ ናት። በረደኝ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ሻርፕ ደረብኩ። ሌላ ደረብኩ። በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ በታች፣ አንድ ነገር ወጋኝ። አስመለሰኝ። ሽንቴ መጣ። አልተነሣሁም። ገዢ ነበረኝ።

መነሣት ስፈልግ እግሬ እምቢ አለ።

ጫልቱ ብብቴን ይዛ አነሣችኝ። ባጃጅ ጠራች። አብራኝ ገባች።

"ጨርቅሽ" አልኳት።

"ዝም በይ።"

"ያንቺም አለ። ሁለታችንም ከሄድን..."

"ብርቄ፣ ዝም በይ አልኩሽ!"

ሆስፒታል ተኛሁ። ዶክተሯ ወጣት ናት። ቀኝ ጎኔን ከኋላ በጡጫዋ ቀስ ብላ መታ ስታደርገኝ ጮኽኩ። አልትራሳውንድ ታዘዘ። ሽንት ለካልቸር ተወሰደ፤ ጀርሙን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያዩበት ምርመራ ነው። ደም ተቀዳ።

"ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ገብቷል" አለች። "ፓይሎኔፍራይቲስ እንለዋለን። ቀኙ አብጧል።"

"ይድናል?"

"እናክመዋለን። ከዛሬ ጀምሮ ግን ምንም ነገር አይደብቁኝ። ምን ሲወስዱ ነበር?"

አልነገርኳትም። እሷንም ጠረጠርኳት።

የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠኝ። ትኩሳቱ አልወረደም። በማግስቱም አልወረደም። ቶሌራ እጄን ይዞ ተቀምጧል። ግሪስ ግሪስ ይሸታል። በዚያ ሰዓት ከዚያ የተሻለ ሽታ አላውቅም።

"ዱቄቱን አምጣላት" አልኩት።

አመጣው። ዶክተሯ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ ጫፍ በተነችው። ከቡናማው መካከል ነጭ ስባሪ ወጣ። ሌላም ወጣ። አንዱ ጠርዙ ክብ ነበር፤ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተቀርጾበታል፤ ክኒን ለሁለት የሚከፈልበት መስመር።

"ምን ክኒን እንደሆነ በዓይን አይቼ አልናገርም" አለች። "እዚህ ውስጥ ግን ከሥር ያልመጣ ነገር አለ። አንቲባዮቲክ ከሆነ፣ በቁንጥር በቁንጥር ሲወስዱት ጀርሙ አልሞተም፤ ለመደው እንጂ። በግማሽ ያቆሙት ክኒንም እንደዚያው ነው የሚያደርገው።"

የካልቸሩ ውጤት ሲመጣ በዝርዝሩ ካሉት መድኃኒቶች ብዙዎቹ እንደማይሠሩብኝ ተጻፈ። ከሚሠሩት አንዱ ተመርጦ መርፌው ተቀየረ። እኛም ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቀኝ። ትኩሳቱ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ረጋ ያሉ ነበሩ፤ ሾርባ እየጠጣሁ፣ ከአጠገቤ የተኛችውን ሴት እያሳቅኩ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ተደግፌ መጀመሪያ እስከ መስኮቱ፣ በኋላም እስከ በሩ መራመድ እየቻልኩ፣ ያበጠው ኩላሊት በሁለተኛው አልትራሳውንድ ወደ ልኩ መመለሱን ሰማሁ። የስኳር ምርመራም ተደረገልኝ፤ የሚመላለስ ኢንፌክሽን አንዳንዴ ከስኳር በሽታ ጋር ስለሚመጣ ነው፤ የለብኝም። ልወጣ ስል ዶክተሯ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ሥራ ላይ ሲውሉ ስንቴ ይሸናሉ?"

"አንዴም!" አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሽልማት የጠበቅኩ ይመስለኛል። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"ውሃስ?"

"ከጠዋት እስከ ማታ አልነካም።"

"ታዲያ እናቴ፣ ጀርሙን ቤት ሰጥተው፣ በሩን ዘግተውበት፣ የሚያጥበውን ውሃ ከለከሉት ማለት ነው።"

ስለ ተፈጥሮ መድኃኒት ጠየቅኳት። አላፌዘችብኝም። "ነጭ ሽንኩርቱን በወጥ ይብሉት፤ ለዚህ በሽታ መተማመኛ ግን አያድርጉት። ሎሚና ጨው፣ እንፋሎት፣ ሽታ ያለው ሳሙና እዚያ ቦታ አይድረሱ፤ ያቆስላሉ። የገብስም የተልባም ውሃ ይጠጡ፤ የሚጠቅምዎ ግን በውስጡ ያለው ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ ቀኑን ሙሉ ይጠጡ፤ ሲመጣብዎ ይሂዱ።" ከግንኙነት በኋላም ቶሎ መሽናት እንደሚረዳ ስትነግረኝ ቶሌራ ጣሪያውን ሲመረምር ቆየ።

እንግዲህ እናንተም ስሙኝ። የጀመራችሁትን ክኒን እስከ ታዘዘላችሁ ቀን ጨርሱ፤ ለሚቀጥለው ብላችሁ አትደብቁ። ከተመላለሰባችሁ ካልቸር ጠይቁ። ሽንት ቤት ስትታጠቡም ስትጠራረጉም ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ካስመለሳችሁ፣ ጎናችሁን ከወጋችሁ ገዢ አትጠብቁ፤ ያንኑ ሰዓት ሂዱ። የወር አበባችሁ ቀኑ ካለፈ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ማቃጠሉ ቀላል ቢመስልም ቀድማችሁ ታዩ። ስሙን ያልነገሯችሁን ዱቄት ጠርጥሩ። መጠርጠር ካማራችሁ፣ ለዚያ ነው የተፈጠረው።

ላዳኑኝ ሐኪሞች ዕድሜ ይስጥልኝ። ቶሌራንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ "ለግሪሱም ንገሪው" አለኝ።

ገበያ የተመለስኩ ቀን ከጫልቱ ጎን ተቀመጥኩ። ያን ቀን ትታው የሮጠችውን የሁለታችንንም ጨርቅ የተራው ሴቶች ሸራ ጎትተው አልብሰው፣ እስኪመሽ ጠብቀውልን ነበር። ይህን የሰማሁት ከሌሎቹ ነው፤ እሷ አልነገረችኝም። ያመጣችውን የገብስ ውሃ በሁለት ትንፋሽ ጨለጥኩት። አራት ሰዓት ሲሆን ሽንቴ መጣ። ልክ በዚያው ጊዜ፣ መጋረጃ የምትመርጥ ሴት ወደ እኔ እየመጣች ነው።

ጫልቱን አየኋት። ጫልቱ ሰማይ አየች።

ሄድኩ። ስመለስ ሴትዮዋ የጫልቱን መጋረጃ በፌስታል ይዛ ስትሄድ ደረስኩ።

"ወሰድሻት!" አልኳት።

"የኔን ቀለም ወደደችው፣ ምን ላድርግ?" አለችና ፔርሙሱን ከፍታ ብርጭቆዬን እንደገና ሞላችው።

ጠጣሁት።