የምትታሰርና የምትፈታ ዲፈረንሻል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንሙትን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ከቤቱ የማይወጣ ነው። ድምፁ ከመኪናው ክላክስ ቀድሞ ይደርሳል። ባርኔጣው ከራሱ አይለይም። አንድ ነገር ካለ አለ ነው፤ ታቦት ቢወጣ አይመለስም። ከእጅ ወደ እጅ ዞራ እሱ ዘንድ የደረሰች አሮጌ ላንድክሩዘር አለችው፤ በሷ ከከተማው ወደ አማኑኤል፣ ከአማኑኤል ደግሞ ዋናውን መንገድ ለቆ ወደ ገጠሩ ሰው ያመላልሳል። ክረምት ሲበረታ ሌሎቹ ሾፌሮች ገጠሩን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። እሱ አይተውም።

በዘጠና ስምንት ክረምት ግን ይህ የተፈራ ሾፌር አንድ ውርደት ነበረበት። የገዛ ሚስቱ በመኪናው አትሳፈርም። ዘቢደር ያሳደጓትን አጎቷን ልትጠይቅ አማኑኤል ስትሄድ፣ የባሏን ጋቢና ትታ በሚኒባስ፣ ሚኒባስ ከጠፋም በጋሪ ትሄዳለች። አንድ ቀን ጋሪ ላይ ተቀምጣ ደረሰባትና ክላክስ አደረገላት። እሷ የፈረሱን ጆሮ ስትመለከት አለፋት። የመናኸሪያ ሰው ይህን አይቶ ዝም ይላል? "አንሙት፣ ሚስትህ ፈረሱን ወደደችው መሰለኝ" እያለ ሲያበግነው ከረመ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ፣ አህያ ፈጅ በሚሉት ዳገት ላይ ነው። የዚያ ዳገት አፈር መረሬ ነው፤ ዝናብ ከነካው ጎማ ይዞ አይለቅም። ያን ቀን መኪናዋ መሀል ላይ ተቀረቀረችና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ። ዘቢደርም የክት ቀሚሷን እንደለበሰች ወርዳ ገፋች። የኋላው ጎማ ሲሽከረከር ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ አለበሳት። እንደ ምንም መኪናዋ ስትነሳ አንሙት ነዳጁን ረግጦ ዳገቱን ጨረሰው። አልቆመም። ዘቢደር አንድ ጫማዋን ማጡ ውስጥ ትታ፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ ወጣችው።

"ምነው ጥለኸኝ ሄድክ?" አለችው ስትደርስ።

"ብቆም እንደገና ይይዘኝ ነበር።"

የሾፌር መልስ ነው፤ ትክክልም ነው። የባል መልስ ግን አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘቢደር ጋቢናውን አልረገጠችም፤ አንሙትም ይቅርታ ከሚል ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ጥፋተኛ ፈልጎ ግን አላጣም። "ጥፋቱ የዲፈረንሻሉ ነው" አለ።

ዲፈረንሻል የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች የሚያስተዳድር ጥርሳም ብረት ነው። ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ፍጥነት እንዲሽከረከሩ ይፈቅድላቸዋል። ደግ ነው። ጭቃ ላይ ግን ደግነቱ ጉድ ያፈላል፤ አንዱ ጎማ መንሸራተት ከጀመረ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ወደሚንሸራተተው ይሄድና፣ መሬት የያዘው ቆሞ ያያል። መድኃኒቱ ሁለቱን እንደ በሬ በአንድ ቀንበር ጠምዶ እኩል የሚያስኬድ ማሰሪያ ነው። ይህ ከተገጠመ ማንም ወርዶ አይገፋም፤ ማንም ካልገፋ ማንም ተጥሎ አይቀርም፤ ስለዚህ ዘቢደር ትሳፈራለች። አንሙት ሒሳቡን እንዲህ አድርጎ ዘጋና ወዳጁ ይርዳው ጋራዥ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንሙት መኪናንም፣ የመኪና ዕቃንም፣ ብሎንን ሳይቀር "እሷ" ነው የሚለው። ይርዳውም ከሱ ተለክፏል።

"ስማኝ፣ በብየዳ ላድርጋት፤ ዕድሜ ልኳን ታስራ ትኑር" አለ ይርዳው ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ።

"ሁልጊዜ ታስራ የምትኖር ግትር ትሆናለች። ኩርባ ላይ አትታዘዘኝም" አለ አንሙት። እንደ ልማዱ እየጮኸ ነው። "እኔ የምፈልገው ስቸገር የማስራትን፣ ሜዳ ስወጣ የምፈታትን ነው።"

"እንግዲያው ራሷ ስታሻት የምትታሰረዋን ውሰድ። አንተ ምንም አታስብም።"

"ስታሻት? የኔ ፈቃድ የታለ ታዲያ? ቁልቁለት ላይ ብትታሰርብኝስ? የነገርኩህን አምጣልኝ።"

"እሽ። አሮጌዋንስ ምን ታደርጋታለህ?"

"ፈትቼ እጥላታለኋ! ጥርሷ አልቆ ምን ትሠራልኛለች?"

ኋላ ሁሉም እንደሰማው፣ በዚያ ሰዓት ዘቢደር ከጋራዡ የቆርቆሮ አጥር ውጭ ቆማ ነበር። የቤት ቁልፍ ልትሰጠው ነው የመጣችው። በዚያው ሳምንት መንጋጋዋን አስነቅላ የጉንጯ እብጠት ገና አልጎደለም። እጇን ጉንጯ ላይ እንዳደረገች አንድ በአንድ ሰማች፤ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥታ በሚኒባስ አማኑኤል ገባች።

በነጋታው "መሪጌታ አካለ ወልድ ይፈልጉሃል" የሚል መልእክት መጣ። መሪጌታ የዘቢደር አጎት ናቸው፤ የቅኔ መምህር በመሆናቸው "እንዴት አደርክ" ውስጥ እንኳ ሰምና ወርቅ ይፈልጋሉ። አንሙት ሲደርስ ሁለት ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ አስቀምጠው ጠበቁት። ዘቢደር ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች።

"ልትፈታት ነው አሉ። እውነት ነው?" አሉት መሪጌታ።

አንሙት የጋራዥ ወሬ እዚህ ድረስ መድረሱ ገረመው። "እውነት ነው የኔታ። ረቡዕ እፈታታለሁ።"

"ቀን ሳይቀር ቆርጠሃል!"

"ይርዳው ሌላ ቀን አይመቸውም።"

"ለመሆኑ ምን በደለችህ?"

"ምንም አልበደለችኝም። እርጅና ነው። ከኔ በፊትም በሌላ ሰው እጅ ብዙ ተንገላታለች።"

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። መጋረጃው ተንቀጠቀጠ።

"የምትተካትስ?" አሉ መሪጌታ ቁጣቸውን ዋጥ አድርገው። "የማን አገር ናት?"

"የአውስትራሊያ።"

"ፈረንጅ?"

"ፈረንጅ ናት የኔታ። ጉልበቷ ግን ለኛ ጭቃ የተፈጠረ ነው ይላሉ።"

"ሃይማኖቷስ?"

አንሙት ባርኔጣውን ሲያስተካክል ቆየና "የማን? የዲፈረንሻሏ?" አለ።

ከዚያ ነገሩ ከሥሩ ተጠየቀ፤ ስለ ጥርሱም፣ ስለ ጎማውም፣ ስለ ብየዳውም ተነገረ። መሪጌታ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ዕድሜዬን በሙሉ ከሰም ሥር ወርቅ ስፈልግ ኖሬ፣ ዛሬ ነገሩ ሰም ብቻ ሆኖ አረፈው!" አሉ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ምርጫውን መረመሩለት፤ መምህር አይደሉ?

"ብየዳው ማሰር እንጂ መፍታት የለውም፤ እሱ ወህኒ ቤት ነው። ራሱ የሚታሰረው ደግሞ ማን ሾሞት ነው የሚያስር? ማሰርም መፍታትም በሥልጣን ሲሆን ነው የሚያምር። የመረጥካት ደኅና ናት። ለመሆኑ ሥልጣኑ በማን እጅ ነው?"

"በአየር ነው የምትሠራው የኔታ። መሪው አጠገብ ማብሪያ ይደረግላታል፤ እኔ ስጫናት ትታሰራለች።"

"በኔ በኩል ይደረግ" አለች ዘቢደር መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ። እሷ አልሳቀችም ነበር።

"አንቺ ደግሞ፣ ነገሩ እኮ ስለ ዕቃ ነው" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"እናንተ ሳቁ። እኔ ግን ስሰማው አልተጠራጠርኩም፤ ወዲያው ነው ያመንኩት። ለምን አመንኩ? ማጥ ውስጥ ጥሎኝ የሄደ ሰው ቢፈታኝ ምኑ ይገርማል? ያን ቀን ጭቃው አይደለም ያቃጠለኝ፤ ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። ዕቃ የሆንኩ መሰለኝ።" ወደ አንሙት ዞረች። "ማብሪያው በኔ በኩል ከሆነ እሳፈራለሁ። ስትቸገር እሰሪ ትለኛለህ፣ ስታልፍ ፍቺ ትለኛለህ። ሳትጠይቀኝ ወዴትም አትሄድም።"

አንሙት "ብቆም እኮ..." ብሎ ጀመረና የመሪጌታን ዐይን አይቶ ተወው። ይርዳውም በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ገጠማ አልሠራሁም እያለ፣ ማብሪያውን ከጋቢናው በር አጠገብ ገጠመው።

በፍልሰታ ጾም አጋማሽ አንሙት መኪናዋን ሞልቶ ወደ ገጠሩ ወጣ። ዘቢደር ጋቢና ተቀምጣለች። አህያ ፈጅ ሌሊቱን ሲዘንብበት አድሮ እንደ አብሲት ልሟል። እግሩ ላይ ሲደርሱ አንሙት ጉሮሮውን ሦስቴ ጠረገ።

"እሰሪ" አለ በስንት መከራ።

ተጫነችው። ቀይ መብራት በራ። መኪናዋ አንዴ ተንገጫግጫ ሁለቱንም ጎማ ጭቃው ላይ ተከለችና እየጎተተች ወጣች። አንድም ሰው አልወረደም። ከኋላ እልልታው ቀለጠ። ከዳገቱ ጫፍ በታች ግን መንገዱ በገብስ ማሳ ጠርዝ ይታጠፋል፤ የታሰረ ጎማ ደግሞ መታጠፍ አይወድም።

"ፍቺ!" አለ አንሙት።

ዘቢደር እጇን አጣምራ ወደ ፊት ትመለከታለች።

"ፍቺ እንጂ! ፍቺ!"

"ኧረ በሱባዔ ምን ዓይነት ፍቺ ነው!" አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት ደንግጠው። "ሽማግሌ የለም ወይ?"

መሪውን ቢጠመዝዘው መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ ገብሱ ሆነች። አንሙት ፍሬን ያዘ። በኖረበት ዘመን ሁሉ አቁሞበት በማያውቀው ማጥ ላይ ቆመ።

"ያን ቀን ለምን አልቆምክም?" አለችው።

"ብቆም ይይዘኝ..."

"አንሙት።"

ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገው። ሞተሩ ይንገራገራል።

"በስፖኪዮ አይቼሽ ነበር" አለ፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ያን ጊዜ ነው የተሰማ። "ስትወድቂም አይቻለሁ። እላይ ሾፌሮች ቆመው ያዩኝ ነበር፤ አንሙትን ጭቃ ያዘው እንዳይሉኝ ነው ያልቆምኩት። እነሱን አፍሬ አንቺን ተውኩሽ። ይቅር በይኝ፣ ዘቢደር።"

ዘቢደር በመስኮቱ ጭቃውን ስታይ ቆየች፤ ዐይኗ እርጥብ ነበር።

"ይህችን ለማለት ነው ከአውስትራሊያ ድረስ ዕቃ ያስመጣኸው?" አለችው።

ማብሪያውን ተጫነች። ቀዩ መብራት ጠፋ፤ አንሙትም መሪውን አዞረና ኩርባውን ታጠፈ።