የተወለወሉት ቱቦዎች

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከላሊበላ በታች በነበረው የእርዳታ ሰፈር አንድ የናፍጣ ወፍጮ ብቻ ነበር። ጠባቂው ተክለ ሚካኤል ነው። የሞተሩ ሙቀት የሚበርደው በርሜል ውሃ ውስጥ በተነከሩ ቀጫጭን የናስ ቱቦዎች ነው፤ እነሱ ከተበሱ ወፍጮው ይቆማል፣ የሕፃናቱም ገንፎ ይቀራል።

መካኒኩ ሀሰን ውሃው ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ፍለጋ ወደ ደሴ ሲወርድ፣ "አያ ተክለ፣ ይሄ በቅሎ የሚሸናበት የኩሬ ውሃ ናስ ይበላል። እስክመለስ ቱቦዎቹን ደህና አድርገው ይጠብቁልኝ" አለው።

ተክለ ሚካኤል ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያን መስቀልና የዕጣን ጽና ሲወለውል የኖረ ሰው ነው። ናስ ከጠቆረ፣ ለእሱ፣ ጠባቂው ሰንፏል ማለት ነው። ቱቦዎቹን ቢያያቸው ጠቁረዋል። አፈረ። በርሜሉን አፍስሶ በአመድና በሎሚ አንድ በአንድ አሻቸው። እንደ ወርቅ አበሩ። ሰው እየጠራ ካሳየ በኋላ የኩሬውን ውሃ መልሶ ሞላባቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሀሰን መድኃኒቱን ይዞ ሲመለስ ቱቦዎቹ አረንጓዴ ብጉር አውጥተው ያንጠባጥባሉ።

"ማን ነካቸው?"

"እኔ። አጠብኳቸው እንጂ ምን አደረግኩ?"

"ውይ አያ! ጥቁሩ እኮ ልብሳቸው ነበር። ራቁታቸውን ለዚህ ውሃ ሰጧቸው!" ሀሰን ራሱን ያዘ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልነገርኩዎትም።"

"መድኃኒቱስ?"

"ደህናውን ያቆያል እንጂ የተበሳውን አይደፍንም።"

የተበሱትን በወይራ ችንካር ወተፏቸው። ወፍጮው ሦስት ቀን እያነከሰ ፈጨ። በአራተኛው ቀን ሞተሩ ጨሰና ቆመ። ሌላ ቱቦ ከወር በፊት እንደማይመጣ ሀሰን ተናገረ።

እህሉ በጆንያ ተቆልሏል። ሕፃናቱ ባዶ ጣሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ማልቀስ ትተዋል። እናቶቹ ከየመንደሩ የወፍጮ ድንጋይ ለምነው አመጡ፤ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ አድርገው ይዝለፈለፋሉ። ተክለ ሚካኤል ሸማውን አጣፍቶ አንዱ ድንጋይ ፊት ተንበረከከ።

"ኧረ ጉድ! ወንድ ሊፈጭ ነው?" አለች ሸጌ የምትባል አራስ በደከመ ድምፅ። "አያ ተክለ፣ ቀሚስ እናውስዎ?"

"አምጪው" አለ ቀና ሳይል።

ማንም አልሳቀም። እስኪመሽ የፈጨው አንድ ቁና አልሞላም፤ ሕፃናቱ ደግሞ ከአራት መቶ ይበልጣሉ። መዳፉ ተልጦ ነበርና ደሙ ዱቄቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ከሸማው ጫፍ ቀዶ ጠቀለለበትና እንደገና ጎነበሰ።